ትከሻዬ፣ መሪጌታና የባሕር ዳሩ መታሸት

ክንዱን ማንሣት አቅቶት "ብርድ መትቶኝ ነው፤ ሲሞቅ ይለቀኛል" እያለ የተቀመጠ ሰው ካለ፣ ይህን የምጽፈው ለእርሱ ነው። እኔም እንዲያ እያልኩ ተቀምጬ ነበር። ሲሞቅ ግን አለቀቀኝም። እንዲያውም ሕመሙ፣ ሙቀት ሰው ከሚያፈላበት አገር ድረስ ተከትሎኝ ሄደ።

ጥሩወርቅ እባላለሁ፤ ሰፈርተኛው ጥሩዬ ይለኛል። ላሊበላ ከተማ ውስጥ አንዲት ክፍል ፀጉር ቤት አለችኝ። ባለቤቴ መሪጌታ ናቸው፤ በቤተ ክርስቲያን ዜማ ይመራሉ፣ ተማሪም ያስተምራሉ። እኔ በጣቴ፣ እርሳቸው በጉሮሯቸው ቤታችንን አቁመን ልጃችንን ብርቱካንን አሳደግን። ብርቱካን አሁን ጅቡቲ አንድ ሆቴል ውስጥ ትሠራለች።

ሕመሙ የጀመረኝ አሸንድዬ ሊደርስ ሲል ነው። አሸንድዬ በነሐሴ የሚከበር የልጃገረዶች በዓል ነው፤ ያን ሰሞን ላስታ ውስጥ ሳይሠራ የሚያድር የሴት ራስ የለም። አንዷን ወንበር ላይ አስቀምጬ፣ ከኋላዋ ቆሜ ሹሩባዋን ስጎነጉን ከጆሮዋ በላይ ስደርስ ቀኝ ክንዴ እምቢ አለ። ልክ እንደ ደከመ በቅሎ፣ ቆመ።

"እስቲ ትንሽ ዝቅ በይ" አልኳት። ዝቅ አለች።

"ትንሽ ጨምሪ።" ከወንበሩ ወርዳ በርጩማ ላይ ተቀመጠች።

በማግሥቱ የመጣችውን መሬት ላይ አስቀመጥኳት። ሳምንቱ ሊያልቅ ሲል ደንበኞቼን ሰሌን አንጥፌ፣ በሆዳቸው እያስተኛሁ ነበር የምሠራቸው። አንዷ ስትነሣ ትቢያዋን እያራገፈች፣ "እትዬ ጥሩዬ፣ ፀጉር ልሠራ መጣሁ እንጂ ልገነዝ መጣሁ እንዴ?" አለችኝ። ሳቅን። ከዚያ በኋላ ግን እርሷም አልተመለሰች፣ ሌሎቹም ቀስ በቀስ ወደ ታችኛው ሰፈር ፀጉር ቤት ሄዱ።

እቤትም ጉዱ ፈላ። ነጠላዬን ወደ ትከሻዬ መመለስ አቃተኝ። የገዛ ራሴን ማበጠር አቃተኝና የሰው ራስ የማሳምር ሴትዮ ሻሽ ሥር የወፍ ጎጆ ይዤ መዞር ጀመርኩ። የቀሚሴን ዚፕ የሚዘጉልኝ መሪጌታ ሆኑ። ያን ሁሉ ዜማ በቃላቸው የያዙ ሰው ዚፕ አሸነፋቸው። አንዴ ቆዳዬን፣ አንዴ የራሳቸውን ጋቢ ይዘው ይዘጉታል። አንድ ቀን ጋቢያቸው ከጀርባዬ ጋር ተቆልፎ ሁለታችን አብረን በር ድረስ ሄደን፣ ጎረቤታችን እትዬ አበሩ ናት መጥታ የለያየችን።

"ምች ነው" አለች እትዬ አበሩ፣ ዚፑን እያላቀቀች። ዳማከሴ ጨምቃ አጠጣችኝ፣ አሸተተችኝ፣ የተረፈውንም ትከሻዬ ላይ ደፋችው። ሽታው ሰነበተ፤ ሕመሙም አብሮት ሰነበተ።

መሪጌታ በበኩላቸው ጠበል ይዘውኝ ዞሩ። በዚያ በላስታ የማለዳ ብርድ ላይ ቆሜ ተጠመቅሁ። ስለ ጠበል ክፉ አልናገርም፤ ነፍሴን አሳርፎኛል። ከአንዱ ጠበል ስንመለስ ግን ወዲያው ሌላ ያስባሉ፤ ይምርሐነ ክርስቶስ ድረስ ወሰዱኝ። "ሐኪም ቤትስ ብንሞክር?" ስላቸው፣ "እንደርስበታለን" ይሉና ወሬ ይቀይራሉ።

ቀጥሎ ወጌሻ ጋ ሄድኩ። ዳበሰኝና "ወልቋል" አለ። እግሩን ጎኔ ላይ አስደግፎ ክንዴን እንደ ጉድጓድ ገመድ ጎተተው። ጩኸቴን የሰማ ሰው ሁሉ ለለቅሶ ነጠላውን አዘቅዝቆ እየሮጠ መጣ። ወጌሻው ላቡን ጠርጎ፣ "ገባ!" አለ። የገባው ምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ክንዴ ከጎኔ ጋር ተሰፍቶ ቀረ።

በመጨረሻ ራሴ ተነሥቼ ክሊኒክ ሄድኩ። የክሊኒክን ወረፋ የማያውቅ ካለ ልንገረው፦ እዚያ አግዳሚ ላይ የተቀመጠ ሕመምተኛ ሁሉ ሐኪም ነው። ጥርሱን ያመመው ሰውዬ ጉንጩን እንደያዘ "ፌጦ በሎሚ ጠጪበት" አለኝ። እግሯ የተሰበረው ሴት "የለም፣ የእርሷ ከኩላሊት ነው፤ ዓይኗን እዩት" አለች። ሁሉም ዓይኔን አዩት። ሕፃን የታቀፈች እናት ሳትቀር አየችኝና ራሷን ነቀነቀች። ተራዬ ደርሶ ስገባ ከውስጥ ካለው ባለሙያ ይልቅ ከውጭ ያሉት ብዙ ነገር ጠይቀውኝ ነበር። ውስጥ ያለው ደሜን ወስዶ፣ ትከሻዬን ሳይነካ፣ "ታይፎይድ ነው" አለኝ።

ለመሪጌታ ስነግራቸው ተነሥተው ቆሙ። "ታይፎይድ? ተመስገን!" አሉ። ደነገጥኩ። ከዚያ አሰብ አደረጉና፣ "ግን ታይፎይድ የሆድ አልነበረም እንዴ? ትከሻ ላይ ምን ፍለጋ ወጣ?" አሉኝ።

የታይፎይዱን ኪኒን ጨረስኩ። ሌላ ክሊኒክ "ነርቭ ነው" ብሎ መርፌ ወጋኝ። ወልድያ ድረስ ወርጄ ያየኝ ሦስተኛው ደግሞ "ጨጓራሽ ነው ወደ ላይ የሚገፋው" አለኝ። ይኸው ትከሻዬ ሆድም፣ ነርቭም፣ ጨጓራም ሆነ፤ ትከሻ ነው ያለ ግን አልተገኘም።

ቀን ቀን እንዲህ እያልኩ እቀልዳለሁ። ሲመሽ ግን በቀኝ ጎኔ መተኛት አልችልም፣ በግራዬ ስተኛም ክንዴ ወደ ፊት ሲወድቅ ያስጮኸኛል። ያኔ የማስበው ታላቅ እህቴን ነበር። እርሷን ከብብቷ ሥር ነበር የጀመራት፤ "ብርድ ነው" ስትል ከርማ፣ ስሙን ለመጥራት የምንፈራው ያ ክፉ በሽታ ሆኖ ተገኘ፤ ወሰዳት። ይህን ፍርሃቴን ለማንም አልተናገርኩም። የተናገርኩት ቀን እውነት የሚሆን ይመስለኝ ነበር።

እንዲህ እያለሁ ብርቱካን ደወለች። መስመሩ ይቆራረጣል።

"እማዬ፣ ጥምቀት እንዳለፈ... ባሕር ዳር... ማሳጅ ይዤልሻለሁ! አንቺም ዕረፊ፣ አባዬም ይምጡ!"

ተቋረጠ። ደስ አለኝ፤ ባሕር ዳርን አይቼ አላውቅም። ለእትዬ አበሩ ነገርኳት። ለእትዬ አበሩ መንገር ማለት ለሰፈሩ መንገር ነው። ወዲያው ዕቃ ይጎርፍ ጀመር። እትዬ አበሩ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ለሚማር ልጇ አንድ ቋጠሮ ሽሮ አመጣች። ሌላዋ ለአክስቷ በርበሬ፣ ሌላው ለወንድሙ ማር ይዞ መጣ። ጥርሱን ያመመው ሰውዬ እንኳ መንገድ ላይ አግኝቶኝ "ስትመለሺ የጣና ዓሣ" አለኝ።

በማግሥቱ መስመሩ ጠራ። ብርቱካን ነገሩን ስትሰማ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። "ኧረ እማዬ፣ ከተማው አይደለም! ባሕር፣ ዳር! ባሕሩ ዳር ላይ! እኔ ጋ፣ ጅቡቲ!"

ቋጠሮውን ሁሉ ለየባለቤቱ መመለስ ጀመርኩ። እትዬ አበሩ ሽሮዋን አልቀበልም አለች። "ጅቡቲም ብትሄጂ በዚያ በኩል ማለፍሽ ይቀራል?" አለች። ካርታ የለን፤ እንዴት አድርጌ ላስረዳት?

ለመሪጌታ ማስረዳት ደግሞ ከዚህም ባሰ። "ማሳጅ" የሚለውን "ሜሴጅ" ብለው ነው የሰሙት። "መልእክት ለመቀበል ባሕር ድረስ ምን ያስኬዳል? በስልክ አትልከውም?" አሉ።

"መልእክት አይደለም መሪጌታ። መታሸት ነው። ሰውነትን በዘይት ያሹታል።"

ጋቢያቸውን አስተካከሉ። "ማነው የሚያሸው?"

በማግሥቱ የንስሐ አባታችን ጋ ሄዱ፤ ቅር ብሏቸው ተመለሱ። "ምን አሉ?" ብዬ ጠየቅኋቸው።

"'ወጌሻ ክንዷን ሲነቅለው ዝም ያልክ ሰው፣ ቀስ ብሎ የሚያሻት ሲገኝ ነው የምትቃወመው? ሂድ፤ አንተም ባሕር አይተህ ና' አሉኝ።"

ከዚያ ስልኩን ራሳቸው ያዙት። ብርቱካን የሆቴሏን የእሽት ቤት ኃላፊ አጠገቧ አድርጋ፣ የአባቷን ጥያቄ በፈረንሳይኛ ታቀብላለች።

"የምታሸው ሴት ትሁን" አሉ መሪጌታ።

"ሴት ናት አባዬ።"

"በሩ አይቆለፍ።"

"አይቆለፍም።"

"እኔም በሩ ላይ እቀመጣለሁ።"

በፈረንሳይኛ ተንሾካሾኩ። "ወንበር እናዘጋጅላቸዋለን ብላለች።"

"ቀኑ መቼ ነው?"

"ዓርብ።"

"ዓርብ!" ስልኩን ከጆሯቸው አራቁት። "ዘይቱ ከምንድን ነው? ቅቤ ካለበት ጾም ነው!"

ከማዶ እንደገና በፈረንሳይኛ ተንሾካሾኩ። "ከኮኮናት ነው አባዬ።"

"ኮኮናት ምንድን ነው?"

"ዛፍ ላይ የሚበቅል ነው።"

"ዛፍ ከሆነ የጾም ነው" አሉ፣ እፎይ ብለው። እኔ ግን አላስቻለኝም። "መሪጌታ፣ ዓርብ ዓርብ ስንት ራስ ቅቤ ቀብቼ የለም ወይ? ቆዳ መቼ ይበላል?" አልኳቸው። ሰምተው እንዳልሰሙ ሆኑ።

ኃላፊዋም በተራዋ ጠየቀች። "ደም ግፊት ወይም ስኳር አለብሽ ወይ ትላለች" አለችኝ ብርቱካን።

"ስኳርማ በደጄም አያልፍ! ቡናዬን እንኳ በጨው ነው የምጠጣው በያት።"

ፓስፖርቱ፣ ቪዛው፣ የአውሮፕላኑ ነገር ልጄን ስንት እንዳስወጣት አልጠየቅኳት፤ ብጠይቅ ኖሮ አልሄድም ነበር። ጥምቀትን አክብረን፣ ዐቢይ ጾም ሳይገባ ተነሣን። አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ግን ፈተና ገጠመኝ። የፍተሻዋ ልጅ "እጅ ወደ ላይ" አለችኝ። ግራ እጄን አነሣሁ።

"ሁለቱንም።"

"አይነሣም ልጄ።"

"እትዬ፣ ሁለቱንም ካላነሡ አያልፉም!"

"እርሱን ለማስነሣት አይደል የምሄደው!" አልኳት። ኋላዬ የተሰለፈው ሰው ሁሉ ሳቀ። መሪጌታ ስለ እኔ የራሳቸውን ሁለት እጆች እስከ ጥጉ አንሥተው ከነመቋሚያቸው ቆሙ። ልጅቷ አንዴ እርሳቸውን፣ አንዴ እኔን አየችና በእጇ ፈትሻ አሳለፈችኝ።

ጅቡቲ ስንወርድ አየሩ የተከደነ ድስት ሲከፈት እንደሚወጣው እንፋሎት ፊቴን መታኝ። መሪጌታ ጋቢያቸውን፣ ካፖርታቸውን፣ ከዚያ ነጠላቸውን በየተራ አወለቁ። ብርቱካን ሹራብ ለብሳ ነበር የተቀበለችን። "ደግ ጊዜ መጣችሁ፤ አሁን እኮ ብርዳችን ነው" አለች። መሪጌታ አማተቡ።

ባሕሩን ያየን ዕለት ትከሻዬን ለትንሽ ጊዜ ረሳሁ። መሪጌታ አሸዋው ላይ ጫማቸውን አውልቀው፣ እንደ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ቆሙ። ከልጅነታቸው ጀምሮ ስለ ባሕር መከፈል፣ ስለ ማዕበል ጸጥ ማለት ሲያዜሙ የኖሩ ሰው ባሕርን ሲያዩ ያ የመጀመሪያቸው ነው።

"ይቺ ናት?" አሉ ቀስ ብለው።

"ቀይ ባሕር ወደዚያ፣ ወደ ሰሜን ነው አባዬ። ከዚህ ጋር ይገናኛል።"

ውኃውን በመዳፋቸው ዘግነው ቀመሱና ፊታቸውን አጨማደዱ። "ጨው! ይህን ሁሉ ዘመን ጨው መሆኑን ሳላውቅ ሳዜምላት ኖርኩ!" አሉ። ከዚያ ሱሪያቸውን ሰብስበው እስከ ጉልበታቸው ገቡ። ማዕበል ሲመጣ ወደ ኋላ ይሸሻሉ፤ ሲመለስ ይከተሉታል። ብርቱካንና እኔ እስክናነባ ሳቅን።

ዓርብ ደረሰ። የእሽት ቤቱ ባሕሩ ዳር ላይ፣ ከእንጨት የተሠራ፣ ነጭ መጋረጃ ያለው ነው። መሪጌታ ነጭ ለብሰው፣ ጠምጥመው፣ ዳዊታቸውን ይዘው በሩ ላይ በተዘጋጀላቸው ወንበር ተቀመጡ። አንዲት ፈረንጅ ከቤቱ ሠራተኞች አንዱ መስለዋት ተራዋ መቼ እንደሆነ ጠየቀቻቸው። ያለችው አልገባቸውም፤ ባረኳት።

እኔ ውስጥ ገባሁ። አንዲት ቀጭን ልጅ በፈረንሳይኛ ሰላም ብላኝ፣ ፎጣና በላስቲክ የታሸገ ነገር ሰጥታኝ፣ ልብስሽን ቀይሪ የሚል ምልክት አሳይታኝ ወጣች። ላስቲኩን ቀደድኩት። ከስስ ወረቀት የተሠራ፣ ዙሪያው የሚለጠጥ ነገር ነው። ሥራዬ ነውና ወዲያው ገባኝ፤ ዘይት ፀጉር እንዳይነካ የሚደረግ ቆብ ነው። በግራ እጄ እየታገልኩ፣ ጎጆ የሆነውን ፀጉሬን ሁሉ ሰብስቤ ከተትኩት። ሁለት ቀዳዳ ለምን እንዳለው ግን አልገባኝም፤ በአንዱ ቀዳዳ ጉንጉኔን አወጣሁ፣ ሌላውን ተውኩት።

ልጅቷ ተመልሳ ገባች። አየችኝ። አፏን በእጇ ያዘች።

"ወይኔ ጉዴ፣ ምን አጠፋሁ?" አልኩ ለራሴ።

"ውይ እትዬ!" አለች በአማርኛ፣ አነጋገሬን ሰምታ። "የላስታ ሰው ነዎት እንዴ?"

"አንቺስ የየት ነሽ?"

"የኩልመስክ!"

ይኸውላችሁ። ይህን ሁሉ ሰማይ አቋርጬ፣ ባሕር ላይ የደረስኩት የኩልመስክ ልጅ እንድታሸኝ ነው። በእግር ብሄድ እናቷ ቤት ደርሼ እመለስ ነበር። ስሟ ዓለም ነው። "እትዬ፣ እርሱ እኮ..." አለችና በጆሮዬ ነገረችኝ። የወረቀቱ ነገር የራስ አልነበረም። የውስጥ ሱሪ ነው። እኔና እርሷ ግድግዳውን ይዘን ሳቅን። ከውጭ "ጥሩዬ፣ ደኅና ነሽ?" የሚል ድምፅ መጣ።

"ደኅና ነኝ መሪጌታ! ያንብቡ!"

ተኛሁ። ዓለም ከእግሬ ጀመረች። ልጅ ሳለሁ እናቴ ካጠበችኝ ወዲህ እግሬን ሰው ነክቶት አያውቅም። ሰው ስነካ የኖርኩ ሴት ነኝ፤ የስንቱን ራስ ይዤ ስንቱን አስተኝቻለሁ፤ እኔን ግን እንዲህ የነካኝ የለም። ጀርባዬ እንደ ሊጥ ላላ። ከውጭ የመሪጌታ የዳዊት ንባብ ከማዕበሉ ጋር ይመጣል፣ ይሄዳል። ከዚያ እጇ ትከሻዬ ላይ ደረሰ።

"እዚህስ?"

ጮህኩ። በሩ ተበረገደ። መሪጌታ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ መቋሚያቸውን እንደ ጦር ወድረው ቆመዋል። "ምን አደረጋችኋት?"

"ምንም አባ፣ ምንም!" አለች ዓለም። "አልጎተትኩትም!" ዓይናቸውን እንደጨፈኑ በዳበሳ ተመለሱ፤ ወንበሩን ስተው መሬት ላይ ሲቀመጡ ሰማናቸው።

ዓለም ትከሻዬን በፎጣ ሸፈነችው። "አብሽሩ እትዬ፣ ይህን ከእንግዲህ አልነካውም። የእኛ ሥራ ማሳረፍ ነው። የደረቀ ነገር አላስገድድም፤ ሐኪም ይየው።"

"ያላየው ሐኪም አለ እንዴ? ታይፎይድ ነው ብለውታል!"

እርሷ ሳቀች። እኔም ልስቅ ብዬ አፌን ስከፍት ልቅሶ ወጣ። ከየት እንደመጣ አላውቅም። ሰውነቴ ሲላላ አብሮ የላላ ነገር ነበር መሰለኝ። ለዚያች ከአንዴ በላይ አይቻት ለማላውቅ ልጅ እህቴን ነገርኳት። ከብብቷ እንደጀመራት፣ እኔም በየምሽቱ ብብቴን እየዳበስኩ እንደምፈራ፣ ለማንም እንዳልተናገርኩ ሁሉንም ነገርኳት። እጇን ጀርባዬ ላይ አድርጋ እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። ስጨርስ ነው የዳዊቱ ንባብ መቆሙን ያስተዋልኩት።

ስወጣ መሪጌታ እግራቸውን አበባ የተነሰነሰበት የሞቀ ውኃ ውስጥ ነክረው አገኘኋቸው። የቤቱ ሰዎች ሲወድቁ አይተው አዝነውላቸው ነው። እግር ማጠብ በወንጌልም ስላለ አልተቃወሙም። ያንቀላፉ መስሎኝ ነበር፤ ዓይናቸው ግን እንባ አቅርሯል።

"ይህን ሁሉ ወር እህትሽን እያሰብሽ ነበር?" አሉኝ።

አንገቴን ደፋሁ።

"እኔም እርሷን እያሰብኩ ነበር" አሉ። "ከጠበል ጠበል ያዞርኩሽ ለዚሁ ነው። ሐኪም ቤት ያን ስም እንዳይጠሩብሽ ፈርቼ። ጠበል ስም አይጠራም። ታይፎይድ ነው ያሉሽ ቀን፣ ጥሩዬ፣ በልቤ እልል ነው ያልኩት! ለዚያ ክሊኒክ ጧት ማታ ስጸልይለት ነበር።"

ያን ጊዜ የሳቅነው ሳቅ ከልቅሶ አይለይም። ብርቱካን መጥታ ሁለታችንን በዚያ ሁኔታ ስታገኝ፣ "እሽቱ ምን አደረጋችሁ?" ብላ ደነገጠች። እዚያው እግራቸው ውኃ ውስጥ እንዳለ ተስማማን፦ ስንመለስ አዲስ አበባ የአጥንት ሐኪም ጋ እንሄዳለን፤ የሚጠራውን ስም አብረን እንሰማለን።

የአዲስ አበባው ሐኪም ቤት ወረፋ ላይ ማንም ማንንም አያክምም፤ ሁሉም ስልኩን ነው የሚያየው። የእኛ አገሩ የጥርስ ሕመምተኛ ናፈቀኝ። መሪጌታ የነጠላዬን ጫፍ ይዘው ተቀምጠዋል። ስሜ ሲጠራ ከእኔ ቀድመው ተነሡ።

ሐኪሙ ትከሻዬን ነካው! ገና ሲነካው ወደድኩት። መጀመሪያ "አንሺው" አለኝ፤ አልተነሣም። ከዚያ እርሱ ራሱ ቀስ ብሎ ሊያነሣው ሞከረ፤ አሁንም እዚያው ላይ ቆመ። "አየሽ፣ ድካም ወይም ነርቭ ቢሆን እኔ ሳነሣው ይሄድልኝ ነበር" አለ። ብብቴንና ጡቴንም አስመረመረኝ፤ ራጅም ተነሣሁ። መሪጌታ ግድግዳውን እያዩ ይጠባበቃሉ፤ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል።

"ክፉ ነገር የለም" አለ ሐኪሙ። "የቀዘቀዘ ትከሻ ይባላል። መገጣጠሚያውን የሸፈነው ስስ ከረጢት ይቆጣል፣ ይኮማተራል፣ ይደርቃል። ሲጎትቱት ይብሳል። ቀስ እያለ ይለቃል፤ ግን ትዕግሥት ይፈልጋል።"

"የቀዘቀዘ?" አልኩ። "ዶክተር፣ ጅቡቲ ወስጄው እኮ አልሞቀም!"

ሲስቅ ቆየና አንድ ምርመራ ጨመረ። ይህ በሽታ ስኳር ያለበትን ሰው ይወዳል አለኝ። ውጤቱ መጣ፤ ስኳር አለብኝ። ቡናዬን በጨው መጠጣቴን ነገርኩት። "ጨው ስኳርን አያባርርም እትዬ፤ እንዲያውም ጨዉንም ቀንሽ" አለኝ። ስኳር በደጄ አያልፍም ያልኩት እኔ፣ ለካ ጓዳዬ ገብቶ ከርሟል።

በእንቅስቃሴ የምታክመው ባለሙያ ያስተማረችኝ ነገር ለማየት የልጅ ጨዋታ ነው። ጎንበስ ብሎ ክንድን እንደ ደወል ማወዛወዝ። ግድግዳ ፊት ቆሞ ጣቶችን እንደ ሸረሪት ወደ ላይ ማስኬድ። ለመሥራት ግን እንባ ያስመጣል። እቤት ስሠራው መሪጌታ አጠገቤ ቁጭ ብለው ዜማ ያዜሙልኛል፤ ጣቶቼ በዜማው ነው የሚሄዱት። ሲያስረዝሙት ያመኛል፣ ሲያሳጥሩት "ቸኮልሽ" ይሉኛል። ተማሪዎቻቸው የግድግዳ ዜማ የሚባል አዲስ ትምህርት የተጀመረ መስሏቸው በር ላይ ተሰልፈው ያደምጡ ነበር።

ወራት ሄደ። አንዳንድ ሳምንት ወደ ላይ፣ አንዳንድ ሳምንት ወደ ታች። ተስፋ ቆርጬ ግድግዳውን በጥፊ የመታሁበት ቀን አለ፤ በግራ እጄ። መድኃኒቴን እወስዳለሁ፣ ማርና ጠጁን ትቻለሁ። መሪጌታም ለእኔ አዝነው አብረውኝ ተዉ፤ የማሩን ማሰሮ ከእኔ ደብቀው የት እንዳስቀመጡት ግን ራሳቸውም ጠፍቷቸዋል።

እንግዲህ ምክሬ ይኸው። መታሸት ጣፋጭ ነገር ነው፤ ያገኘ ይታሽ፣ ነፍስን ያሳርፋል። የደረቀ ትከሻን ግን አያድንም፤ መጎተትማ ያብሰዋል። ክንዱ የቆመበት ሰው ትከሻውን የሚነካ ሐኪም ይፈልግ፣ ስኳሩንም ይለካ። የፈራውንም ነገር ለአንድ ሰው ይንገር። እኔ ለዚህ ባሕር ድረስ መሄድ ነበረብኝ፤ እናንተ እዚያው በቤታችሁ ተናገሩት።

ባለፈው በአንድ ክብረ በዓል ማኅሌቱ ቅጥር ግቢው ውስጥ ይቆም ነበር። ካህናቱ በሁለት ተሰልፈው፣ መሪጌታ መሐል ሆነው ይመራሉ። እኔ ከሴቶቹ መሐል ቆሜ እጸልያለሁ። ዜማው ከፍ ብሎ፣ ከበሮው ሞቆ፣ እልልታው ሲቀልጥ ድንገት የመሪጌታ ድምፅ ተሰበረ። ያን የሚያህል መምህር ዜማው ጠፋቸው። ከበሮው ተወላገደ፤ ካህናቱ እርስ በርስ ተያዩ፤ አንዱ በክርኑ ጎሰም አደረጋቸው። እርሳቸው ግን አፋቸውን ከፍተው ወደ ሴቶቹ በኩል ቀጥ ብለው ያያሉ።

ምን ሆነው ነው ብዬ ደነገጥኩ። የሚያዩትን ለማየት ዞር አልኩ፤ ከኋላዬ ማንም የለም። እትዬ አበሩ ከጎኔ ቆማ ወደ ላይ አፍጣለች። እኔም ቀና አልኩ።

ሁለቱም እጆቼ ከራሴ በላይ ነበሩ። መቼ እንዳነሣኋቸው አላውቅም። ላወርዳቸውም አልቸኮልኩም።